እትዬ ይታይሽ ያላወቁት ነገር

አንዲት ሴት ማርገዟን ከሴትዮዋ ከራሷ ቀድማ የምታውቅ ጎረቤት የሌለችበት ሰፈር እስካሁን አላጋጠመኝም። ካለም ሰው የሚኖርበት አይመስለኝም። ይህች ጎረቤት ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ ነው፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ አይወርድም፤ ደጃፏ ወደ ቦኖ ውሃው መንገድ የዞረ ነው። ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ሁሉ በፊቷ ታልፋለች፤ ያለፈች ሁሉ ትመረመራለች። ምርመራው በነፃ ነው። ውጤቱ ግን ሚስጥር ሆኖ አይቆይም።

የእኛ ሰፈሯ እትዬ ይታይሽ ይባላሉ። ማዕረጋቸውን አሟልቼ ልጥራ ካልኩ፣ ክብርት እትዬ ይታይሽ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ከቦኖው እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ላለው ማሕፀን ሁሉ የበላይ ጠባቂ ናቸው። የሾማቸው የለም። የሚሽራቸውም አልተገኘም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንኳ ነፍሰ ጡሮችን ልትመዘግብ ስትመጣ መጀመሪያ የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። መዝገቧን ትከፍታለች፣ እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ወደየቤቱ ሄዳ ለባለጉዳዮቹ ታበስራለች።

ልብስ ሰፊው ጓዴ ሚስት ባገባ በወሩ፣ ሙሽራዋ ከቦኖው ጀሪካን አዝላ ስትመለስ እትዬ ይታይሽ ደጅ ደረሰችና ልታርፍ ጀሪካኑን አወረደች። እትዬ አወራረዷን አዩ።

«ከዛሬ ጀምሮ በጆግ እንጂ በጀሪካን እንዳትቀጂ» አሏት።

«ምነው እትዬ?»

«ሁለት ሆነሻል።»

ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ጓዴ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «ኧረ እትዬ፣ ገና ወራችን ነው!» ቢል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው የዘወትር ቃላቸውን ተናገሩ፦ «ይታይሽ ካለች አለች።» በስምንተኛው ወር ልጅ ተወለደ፤ የክርስትና ድንኳን ተተከለ።

ትንቢታቸው የሳተ ዕለትም አይሸነፉም። የአናጢው የማቴዎስ ሚስት ወንድ ትወልዳለች ብለው ሰፈሩ ወንድ ሲጠብቅ ሴት ተወለደች። ክርስትናው ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ጠላቸውን ፉት አሉና «እኔ ወንድ ነው አልሁ፤ ወንዱ ሐሳቡን ቢለውጥ ምን ላድርግ?» አሉ። ዳኝነቱ በዚሁ ተዘጋ።

ሥልጣናቸው ከሰው አልፎ ከብትንም ይነካል። ባለቤቴ ይበልጣል የግብርና ባለሙያ ነው። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ የእትዬን ላም፣ ቦራን፣ ያለ ኮርማ በመርፌ አዳቀላት። እትዬ አላመኑም። «ኮርማ ያላየች ላም ልትወልድ? በየት አገር?» ብለው ሳቁበት። ባለሙያው ግን «ሃያ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ እስከዚያ አያስሩጧት፣ አያስመቷት፣ በደንብ ያብሏት» ብሏቸው ሄደ። እትዬ እየሳቁም ቢሆን ትእዛዙን ከባለሙያው አብልጠው ያዙት። ሃያ አንዱን ቀን ቦራ ከግቢ አልወጣችም። ድርቆሽ እየተሸከሙ አመጡላት። ሰው እንዳይጠጋት ደግሞ «በሽታ አለባት፤ ይጋባል» ብለው አስወሩ። ሰፈሩ ከብቱን ይዞ በሌላ መንገድ ዞረ። ቦራ ወለደች። እትዬም «እኔ ድሮውንም ብያለሁ» አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ካለች ሴት ጋር አጥር ተጋርቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። እኔ ንግስት እባላለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፅንስ እንዴት እንደሚፈጠር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። ተማሪዎቼ ገብቷቸው፣ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው ልጆቻቸውን ይዘው ይጠይቁኛል። እኔ ግን ባገባሁ በዘጠኝ ዓመቴም አልወለድኩም።

እትዬ ይታይሽ በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ እኔ ሆድ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወሩኛል፣ ስለ ቀበሌ ሊቀመንበሩ ጫማ ያወሩኛል፣ ቤቴ ገብተው አንዷን ጎረቤት ከሌላዋ ጋር እያነጻጸሩ የስንተኛ ወሯ እንደሆነ ያሰላሉ። ዓይናቸው ግን ከአንገቴ በታች አይወርድም። እኔም ዝምታቸውን ፍርድ አድርጌ ወሰድኩት። የሰፈሩ ሐኪም ተስፋ ቆርጣብኛለች አልኩ። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ ከሰው ሁሉ ሐሜት ይልቅ ያመመኝ የእሳቸው ዝምታ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ይበልጣልና እኔ አዲስ አበባ ሄድን። ለሰፈሩ ዓይኔን ልታከም ነው አልን። እውነቱ ሌላ ነበር። ከእሱም ከእኔም ዘር ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ ሰባት ፅንስ አዳቀሉ። ከሰባቱ እስከ መጨረሻው ቀን የደረሰው አንድ ብቻ ነው። እሱን ሐምሌ 29 ቀን ማሕፀኔ ውስጥ አስቀመጡልኝ። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፤ ግን አይዋሽም። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ ሌላ ዕድል ይኖርሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለኝ። ከዚያ መመሪያውን ሰጠኝ፦ አሥራ አራት ቀን መጠበቅ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት፣ መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ፣ እንቁላልና ወተት በየቀኑ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን የደም ምርመራ።

መድኃኒቱን ማቀዝቀዝ አላስቸገረንም። ነሐሴ ላይ ንፋስ መውጫ ውስጥ የመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ ነገር ማቀዝቀዣ ከገባው የበለጠ ይቀዘቅዛል። ችግሩ እንቁላሉ ነው። አሥራ አራቱ ቀን ከፍልሰታ ጾም ጋር ገጠመ። በእኛ አገር ፍልሰታን ሕፃን ልጅ እንኳ ይጾማል። በፍልሰታ እንቁላል የሚገዛ ሰው፣ ገበያ መሐል ቆሞ ጉዱን በድምፅ ማጉያ ቢያውጅ ይሻለዋል።

የንስሐ አባታችንን መምሬ ወልደ ሰንበትን እንደተመለስን ማታውኑ ጠርተን ነገርናቸው። መስቀላቸውን አሹ።

«የራሳችሁ ነው? የሁለታችሁ?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«እንግዲያ ሐኪሙ ያለሽን ብዪ። እኔ የአንቺንም ደርቤ እጾማለሁ። ለሰው ግን አታሳዪ፤ ደካማው እንዳይሰናከል።»

ለሰው አታሳዪ! አጥሬ ማዶ ማን እንዳለ የረሱ መሰለኝ።

ወደ ሰፈር የገባነው ነሐሴ 1 ቀን፣ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በኮንትራት መኪና ነበር። ይበልጣል ክንዴን ደግፎ እንደ ሸክላ አወረደኝ። እትዬ ይታይሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ከጭቃው ላይ እግሬን ሳነሳ አዩኝ፤ ሁለቱን ሻንጣ ይበልጣል ብቻውን መሸከሙን አዩ።

«እንኳን በደኅና ገባሽ ንግስትዬ። ዓይንሽ ተሻለሽ?»

«ተሽሎኛል እትዬ፤ ተኝተሽ እረፊ ብለውኛል።»

«ተኚ፣ ተኚ። ዓይን እረፍት ይፈልጋል» አሉና ገቡ። አመለጥኳቸው ብዬ ተነፈስኩ።

መጠበቅ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይበልጣል ጧት ከቢሮ በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጥና እንደ ባለሙያ ያጽናናኛል። «ገብስ በሳምንቱ ብቅ ይላል፤ ባቄላ ግን ይቆያል። የእኛ ባቄላ ይሆናል» ይለኛል። እኔ ባዮሎጂ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም። በየሰዓቱ ሆዴን እዳስሳለሁ። ሲያመኝ እፈራለሁ፤ ሳያመኝ ደግሞ ይብስ እፈራለሁ።

በአምስተኛው ቀን ይበልጣል ከቢሮ ፊቱ ተቀያይሮ መጣ።

«ጆሮ ደግፍ ይዞሻል እንዴ?»

«ምን?»

«ከተማው ሁሉ ጆሮ ደግፍ ይዟታል ይላል። ቢሮ የሚጨብጠኝ ጠፋ። አለቃዬ ሳይቀር በክርኑ ነው ሰላም ያለኝ።»

ወሬው ከየት እንደተነሳ መጠየቅ አላስፈለገንም። ደሜ ፈላ። የምታወራው አጥታ ጆሮ ደግፍ ትለጥፍብኛለች? ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። ካሣነሽ፣ በቀኝ በኩል ያለችው ጎረቤቴ፣ አፏን በሻሽ ሸፍና ከአጥር ውጭ «ንግስትዬ፣ እግዜር ይማርሽ!» ብላ ጮኸች። የቋጠረችውን ቆሎ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። አልሳቅኩም።

በየቀኑ የሚገቡት እትዬ ይታይሽ ብቻ ናቸው። «እኔን አይዘኝም፤ በልጅነቴ ይዞኝ ለቆኛል» እያሉ ይገባሉ፣ ውሃ ቀድተው ያስቀምጣሉ፣ ቤቱን ይጠርጋሉ። «ይተዉት እትዬ» ስላቸው አይሰሙኝም። እኔ አኩርፌ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። እሳቸው ለጀርባዬ ያወሩለታል።

በዘጠነኛው ቀን የባሰው መጣ። ከባሕር ዳር በሻንጣ ይዘን የገባነውን እንቁላል እየበላሁ፣ ይበልጣል ቅርፊቱን ከጌሾው ሥር ይቀብር ነበር። ለእህል ጥልቀት የሚመክር ሰው ለቅርፊት ጥልቀት አላወቀም። የእትዬ ዶሮዎች አጥሩን ሾልከው ቆፈሩት። በመስኮት ሳይ፣ የሳምንቱ ጉዴ ሁሉ በጭቃው ላይ ነጭ ሆኖ ተበትኗል። ያ ሁሉ ሰው ከማርያም ቅዳሴ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ልወጣ ስል እትዬ ይታይሽ አጥሩን አልፈው ገቡ። ከቅዳሴ ቀድመው ተመልሰዋል። ዝናብ እየወረደባቸው ቁጢጥ ብለው ቅርፊቱን አንድ በአንድ ለቀሙ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፣ ግራ ቀኝ አዩና ወጡ።

«ማስረጃ ሰበሰበች» አልኩት ለይበልጣል ሲመጣ። «መምሬ ዘንድ ልትወስደው ነው። ነገ ከተማው ሁሉ የባዮሎጂ መምህርቷ ፍልሰታን ገደፈች ይላል።»

ነገም ከነገ ወዲያም ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን ምክንያቱን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ጧት ከእምብርቴ በታች ያ የማውቀው ሕመም ጀመረኝ፤ ዘጠኝ ዓመት በየወሩ የመጣ ሕመም። አለቀ አልኩ። ይበልጣል ለመስክ ሥራ ወጥቷል፤ ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቀስኩ።

እትዬ ይታይሽ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡ። ፊቴን አዩት። ምን ሆንሽ አላሉኝም። ዱካ ስበው ተቀመጡና ስለ ቀበሌ ሊቀመንበሩ ጫማ ጀመሩ። አዲስ ጫማ ገዝቶ አንዱ እግር ጠቦት፣ ጠበበኝ ማለት አፍሮ ሦስት ቀን ሲያነክስ፣ ሰው ሁሉ ስብራት መስሎት ወጌሻ እንዳመጣለት። ከዚያ ወደ ወጌሻው ሚስት ሄዱ። ከእሷ ወደ በቅሎዋ። አንድ ሰዓት ያለ ዕረፍት አወሩ። ልብ የላትም፣ እኔ እያለቀስኩ ስለ በቅሎ ታወራለች እያልኩ ስናደድ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ቀትር ሆኗል። ሌላ ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ሄደዋል። ሕመሙም ቆሟል። ደምም አልነበረም።

አሥራ አራተኛው ቀን ነሐሴ 13 ዋለ፣ የቡሄ ዕለት። ለደም ምርመራው ደብረ ታቦር መሄድ ነበረብን። ጧት መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ጋቢናው ግን ባዶ ነው። ሹፌሩ ቻላቸው ገና ከሩቅ ሲያየን በሩን ከፍቶ ዘወር አለ።

«ግቡ፣ ግቡ። ጋቢናው ለእናንተ ብቻ ነው። እትዬ ይታይሽ ትናንት መጥተው ጆሮ ደግፍ ያለባት ሴት ልትታከም ትሄዳለች፤ ሰው አጠገቧ እንዳይቀመጥ፣ ጉድጓዱንም ቀስ ብለህ እለፍ ብለውኛል።»

ይበልጣልና እኔ ተያየን። ደብረ ታቦር እንደምንሄድ ለማንም አልተናገርንም። ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትሩን እንደ ሚኒስትር ተዘርግቼ ሄድኩ። ቻላቸው በየጉድጓዱ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ፤ እሱ ግን አልሰማቸውም። ምሕርካ ስናልፍ ነገሩ ቀስ በቀስ ይገለጥልኝ ጀመር። ቦራ ትዝ አለችኝ፤ ሃያ አንዱ ቀን፤ ድርቆሹ፤ «በሽታ አለባት፤ ይጋባል» የተባለው። በአሥራ አራቱ ቀን ውስጥ ሆድሽ እንዴት ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ተነስቼ ያስተናገድኩት እንግዳ የለም። ጀሪካን አላነሳሁም። ከላም ጋር በአንድ መዝገብ መግባቴ ገርሞኝ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ይበልጣል ግራ ገብቶት መሐረብ ሰጠኝ።

ደም ሰጠሁ። ከላብራቶሪው ደጅ አግዳሚ ላይ ስንጠብቅ ይበልጣል እጄን ያዘ። ከምሳ በኋላ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። እኔ ማንበብ አቃተኝ። አነበበችልኝ።

«ፖዘቲቭ ነው። እንኳን ደስ አለሽ።»

ይበልጣል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ባቄላ ነው ብያለሁ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጆቹ በየደጁ ሙልሙላቸውን ተቀብለው፣ ጅራፋቸውን እያጮኹ ወደ ሌላ ሰፈር እየወረዱ ነበር። እትዬ ይታይሽ በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። በነጠላ የሸፈኑትን ሰፌድ ይዘዋል። ፊቴን አዩ፤ እንደ ሁልጊዜው ከአንገቴ በታች አልወረዱም።

«እትዬ» አልኳቸው፤ «አርግዣለሁ።»

ይህን ቃል ስለ ራሴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ ይታይሽ፣ የሙሽራን እርግዝና ከጀሪካን አወራረድ የሚያነቡት ሴት፣ ሰፌዱን ለይበልጣል ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጫኑ።

«አትይኝም!»

«እውነቴን ነው።»

«ኧረ አትይኝም! መቼ? እንዴት ሆኖ? እኔ እኮ ምንም አላወቅሁም! ምንም!»

እየማሉ፣ እየተገዘቱ፣ እንባቸው እየወረደ አላወቅሁም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው እልል አሉ። ድምፁ ግን አልታፈነም። ካሣነሽ ከአጥር ማዶ «ምንድን ነው እትዬ? ምን ተገኘ?» ብላ ጮኸች።

«ጆሮ ደግፉ ለቀቃት!» አሏት።

ስንገባ ነጠላውን ከሰፌዱ ላይ አነሳሁት። እትዬ በየዓመቱ ለቡሄ፣ የየቤቱን ሰው ቆጥረው፣ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሙልሙል ጋግረው ያድላሉ። እኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሁለት ሙልሙል ነው የገባው። ያን ቀን ሰፌዱ ላይ ሦስት ነበር። ሦስተኛው ከሁለቱ ያነሰ፣ የሕፃን ክንድ የሚያህል ነው።

«እትዬ፣ መቼ ጋገሩት?»

«ትናንት ነዋ። ቡሄ በዋዜማው አይደል የሚጋገር?»

«ትናንት እኮ እኔም አላወቅኩም ነበር። ባይሆንስ ኖሮ?»

ሙልሙሎቹን በጣታቸው አጠጋጓቸው።

«ባይሆን ሁለቱን አምጥቼ አንዷን እኔው እበላታለሁ። ማን ያውቅብኛል?» አሉ። ቀጥለውም በዝግታ «እኔ ላቀውን አሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቅሁት ልጄ። ሰላም ሲሉኝ ሰላምታው ለሆዴ ነበር። ያን ጊዜ ፊቴን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት እል ነበር» አሉ።

ላቀው ትልቅ ሰው ነው፤ ጢም አውጥቶ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያስተምራል። አንድዬ ልጃቸው መሆኑን አውቅ ነበር። ለምን አንድ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ባዮሎጂ ከማስተምረው ከእኔ ይልቅ የማይጠየቀውን ለይተው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። አንገታቸውን አቅፌ ይቅርታ አልኩ። ለምን ይቅርታ እንደምል አልጠየቁኝም፤ እሱንም ሳያውቁት አይቀሩም።

ልጃችን ልዕልት በሚያዝያ ተወለደች፤ ከእናቷ ቀድማ የጠራችው የእሳቸውን ስም ነው። እትዬ ይታይሽ አሁንም ከደጃፋቸው አልተነሱም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ሁለት ሴቶችን ከቦኖው መንገድ ላይ መልሰዋል። ነገር ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንዲት ሽንፈታቸውን ያምናሉ። «በዕድሜዬ አንዲት እርግዝና ነው ያመለጠኝ» ይላሉ፤ «የንግስት። ራሷ መጥታ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅሁም።» ሰፈሩ ውስጥ ይህን የሚያምን አንድ ሰው የለም። እኔ ግን በሰው ሁሉ ፊት እነሳና «አዎ እትዬ፣ አመለጥኩዎት» እላለሁ።